በምግብ ዕቃ ላይ የታተመው ቀን ምን ማለት ነው?

ምግብን ለክፉ ቀን ማኖር ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ልማድ ነው። ገበሬው እህሉን በጎተራ፣ ባለሙያዋ እናት ሽሮዋንና በርበሬዋን በክዳን ዕቃ፣ መንገደኛው በሶውን በስልቻ አኑሮ ክረምቱንና ሩቁን ጉዞ ሲወጣ ኖሯል። በዛሬው ዘመን ደግሞ በየጓዳችን ፓስታና መኮረኒ፣ ሩዝ፣ የዱቄት ወተት፣ የቲማቲም ድልህና በጣሳ የታሸገ ዓሣ ይገኛል። እነዚህ የፋብሪካ ምግቦች ከባልትናው ስንቅ የሚለዩበት አንድ ምልክት አላቸው፤ ይኸውም በላያቸው ቀን የታተመባቸው መሆኑ ነው።

ስለዚህ ቀን በሰዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይታያል። አንደኛው ወገን ቀኑ ባለፈ በማግሥቱ ምግቡ መርዝ ሆኗል ብሎ ያልተከፈተውን ፓኬት ሳይቀር ወደ ቆሻሻ ይጥላል። ሁለተኛው ወገን ቀኑ ገና ነው ብሎ ያበጠ ጣሳ ይከፍታል፤ እርጥበት የገባበትን ዱቄት ያቦካል። የመጀመሪያው በብዙ ድካም የተገኘ ገንዘቡን ያጣል፤ ሁለተኛው ጤናውን ለአደጋ ያጋልጣል። ሁለቱም ቀኑን አንብበዋል፤ የጎደላቸው የቀኑን ትርጉም ማወቅ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ እኔም በሥነ ሕይወትና በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ የተማርሁትን ከንባብ ካገኘሁት ጋር አስተባብሬ ስለዚሁ ጉዳይ ይህችን አጭር ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ።

ሁለቱ የቀን ዓይነቶች

በታሸገ ምግብ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመክር ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የሚባል ኮሚሽን አለ። ያቋቋሙትም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት ናቸው። ይህ ኮሚሽን በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2018 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው ደንብ የምግብን ቀን በሁለት ይከፍለዋል።

አንደኛው በእንግሊዝኛ «ቤስት ቢፎር» የሚባለው ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከዚህ ቀን በፊት ቢበላ ይመረጣል» እንደ ማለት ነው። ይህ ቀን የሚናገረው ስለ ምግቡ ጣዕም፣ መዓዛ፣ መልክና የምግብነት ኃይል ነው። ምግቡ ሳይከፈትና በታዘዘው ቦታ ተቀምጦ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥራቱ እንደማይጓደል ፋብሪካው ቃል ይገባል። ቀኑ ካለፈ በኋላም ምግቡ ለመብል ሊሆን እንደሚችል ደንቡ ራሱ ይገልጻል።

ሁለተኛው «ዩዝ ባይ» የሚባለው ሲሆን ትርጉሙ «እስከዚህ ቀን ብቻ ተጠቀሙ» ማለት ነው። ይህ ቀን የጤና ቀን ነው። ካለፈ በኋላ ምግቡ መሸጥም ሆነ መበላት የለበትም። እንደ ትኩስ ሥጋ፣ እንደ ዓሣና በማቀዝቀዣ እንደሚቀመጡ ልዩ ልዩ ምግቦች ያሉት በዚህ ክፍል ይመደባሉ። በእነዚህ ምግቦች ላይ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሽታውንና መልኩን ሳይለውጥ ሊራባ ስለሚችል «አሽትቼ ዐውቃለሁ» ማለት አያድንም።

ከዚህም ሌላ ደንቡ ቀን እንዲታተምባቸው የማያስገድዳቸው ምግቦች አሉ። ከእነዚህም ውስጥ ኮምጣጤ፣ አዮዲን ያልተጨመረበት ጨውና ምንም ንጥረ ነገር ያልተጨመረበት ስኳር ይገኛሉ። እነዚህ በባሕርያቸው ተሕዋስያን የማያራቡ ናቸውና።

ችግሩ በሱቅ በምናገኛቸው ብዙ ዕቃዎች ላይ የቀኑ ዓይነት ተለይቶ አለመጻፉ ነው። በፓስታውም በወተቱም ላይ «የሚያበቃበት ቀን» ተብሎ ይታተማል። አንባቢውም «አበቃ» የሚለውን ቃል ሲያይ ምግቡ ራሱ ያበቃ ይመስለዋል። ስለሆነም ቃሉ ያልነገረንን ከምግቡ ባሕርይ ለይተን ማወቅ ይገባናል።

ቀኑ እንዴት ይወሰናል?

ቀኑን የሚወስነው ምግቡን ያዘጋጀው ፋብሪካ ነው። ምግቡን በታወቀ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ አስቀምጦ ጣዕሙ፣ ቀለሙና ቫይታሚኑ መለወጥ የሚጀምርበትን ጊዜ ይመረምራል፤ ከዚያም ለጥንቃቄ ጥቂት ቀንሶ ቀኑን ያትማል። ስለዚህ ቀኑ በግምትና በሁኔታ ላይ የቆመ ነው። ሁኔታውም ብዙ ጊዜ ከቀኑ አጠገብ «በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ተብሎ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ቀኑን አንብቦ ይህን መስመር መዝለል ግማሹን ውል ብቻ እንደ ማንበብ ይቈጠራል።

በኬሚስትሪ እንደተማርነው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። እንግዲህ በአንድ ቀን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት የዘይት ጠርሙሶች አንዱ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሌላው በድሬዳዋ ሙቀት ቢቀመጡ የታተመባቸው ቀን አንድ ቢሆንም ዕድሜያቸው አንድ አይሆንም። በሱቅ ደጃፍ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ዘይትም እንደዚሁ ነው።

ደረቅ ምግብ ለምን ይቆያል?

ምግብን የሚያበላሹት በዋናው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ እነርሱም ባክቴሪያና ሻጋታ፣ ነቀዝና ሌሎች ተባዮች፣ እንዲሁም ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት የሚመጣ ኬሚካላዊ ለውጥ ናቸው። ባክቴሪያና ሻጋታ ለመራባት ውሃ ይፈልጋሉ። የምግብ ባለሙያዎች በምግቡ ውስጥ ለተሕዋስያን የሚተርፈውን ውሃ ከ0 እስከ 1 ባለው ቍጥር ይለኩታል። ንጹሕ ውሃ 1 ነው። ከ0.85 በታች በሆነ ምግብ ውስጥ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ሊያድጉ አይችሉም፤ ከ0.60 በታች ሲሆን ደግሞ ሻጋታም ቢሆን አይራባም። የደረቀ ፓስታ ከዚህ ወሰን በታች ነው።

ይህን ሕግ እናቶቻችን በቍጥር ሳይለኩት በሥራ ያውቁታል። ቋንጣ የሚሰቀለው፣ ድርቆሽ በፀሐይ የሚሰጣው፣ ለሽሮ የሚሆነው አተር ታምሶ የሚፈጨው ተሕዋስያኑ የሚፈልጉትን ውሃ ለማሳጣት ነው። ጨውና ስኳርም ውሃውን ስለሚይዙት እንደ ማድረቅ ያገለግላሉ። ማርም ብዙ ዘመን የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። ጤፍም ፍሬው እጅግ ትንሽ በመሆኑ ለነቀዝ ስለማይመች በጎተራ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

የጣሳ ምግብ ነገር

በጣሳ የታሸገ ምግብ ግን እርጥብ ነው። እንዲህ ከሆነ ለዓመታት የሚቆየው በምን ጥበብ ነው? ይህን ዘዴ ያገኘው ኒኮላ አፔር የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ምግብን በጠርሙስ ከቶ፣ አፉን አጥብቆ ዘግቶ በፈላ ውሃ ውስጥ በመቀቀል እንዳይበላሽ ማድረግ ቻለ፤ በ1810 እ.ኤ.አ. ዘዴውን በመጽሐፍ አሳተመ፤ ከመንግሥትም 12,000 ፍራንክ ተሸለመ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በቆርቆሮ የማሸግ ፈቃድ ተሰጠ። ምክንያቱ የታወቀው ግን በኋላ ሉዊ ፓስተር ረቂቅ ተሕዋስያን ምግብን እንደሚያበላሹ ባስረዳ ጊዜ ነው። ሙቀቱ በውስጥ ያሉትን ይገድላል፤ ክዳኑ ሌሎች ከውጭ እንዳይገቡ ይከለክላል።

በደንብ የታሸገ ጣሳ ምን ያህል እንደሚቆይ አንድ ታሪክ ያስረዳናል። በ1865 እ.ኤ.አ. ቤርትራንድ የምትባል የእንፋሎት መርከብ በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ወንዝ ሰጠመች። በ1968 እ.ኤ.አ. ከደለል ውስጥ ተገኘች፤ ከጭነቷም መካከል የታሸጉ ምግቦች ነበሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ኬሚስቶች ሲመረምሯቸው መዓዛቸውና መልካቸው ተለውጦ፣ ቫይታሚን ሲና ቫይታሚን ኤ የሚባሉት በጣም ቀንሰው ነበር፤ ነገር ግን ባክቴሪያ አልተራባባቸውም። ዕድሜያቸው 109 ዓመት ነበረ። ይህን ያነሣሁት ያረጀ ጣሳ ፈልገን እንድንበላ አይደለም። በጣሳ ምግብ ውስጥ በጊዜ ብዛት አስቀድሞ የሚቀነሰው ጥራቱ መሆኑንና ጤናውን የሚጠብቀው የጣሳው ደኅንነት መሆኑን ለማሳየት ነው።

የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር እንደሚመክረው እንደ ቲማቲም ያሉ ኮምጣጣ የጣሳ ምግቦች ከ12 እስከ 18 ወር፣ እንደ ሥጋ፣ እንደ ዓሣና እንደ አብዛኛው አትክልት ያሉት ኮምጣጣ ያልሆኑ ደግሞ ከ2 እስከ 5 ዓመት ጥራታቸውን ይጠብቃሉ። ቲማቲሙ ቶሎ የሚለወጠው አሲዱ ከቆርቆሮው ጋር ስለሚዋጋ ነው።

በየጓዳው ያለውን ብንመለከት

ፓስታ፣ መኮረኒና ነጭ ሩዝ፤ ደረቅ ሆነው ከቆዩ ቀናቸው ካለፈም በኋላ ለብዙ ወራት ይበላሉ። የሚፈራላቸው ነቀዝና እርጥበት ነው። ከነፉርሽካው የተፈጨ የስንዴ ዱቄትና ቡናማ ሩዝ ግን በውስጣቸው ቅባት ስላለ ቶሎ ይመርራሉ።

ጨው፤ ጨው ራሱ አይበላሽም። ይሁን እንጂ እንቅርትን ለመከላከል በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በወጣ ደንብ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ተደርጓል። አዮዲኑ በፀሐይ፣ በእርጥበትና በጊዜ ብዛት ይቀንሳል። ስለዚህ በጨው ፓኬት ላይ ያለው ቀን የሚነግረን ስለ አዮዲኑ ነው። ጨውን በክዳን ዕቃ ማኖርና በወጥ ላይ ወደ መጨረሻው መጨመር ይጠቅማል።

ማር፤ ቢረጋ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ዕቃውን በሞቀ ውሃ ውስጥ ቢያቆሙት ይቀልጣል። ነገር ግን ማር አዲስም ሆነ አሮጌ ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ዘር ሊኖርበት ይችላልና።

ዘይት፤ ውሃ ስለሌለው ባክቴሪያ አይራባበትም፤ ነገር ግን ከአየርና ከብርሃን የተነሣ ሽታው ይከብዳል፣ ጣዕሙም ይመርራል። የኑግ ዘይት ከፓልም ዘይት ይልቅ ለዚህ ለውጥ የቀረበ ነው። ዘይትን ከምድጃ አርቆ በጨለማ ቦታ ማኖር ያሻል።

የዱቄት ወተት፤ ቅባቱ ያልወጣለት ቅባቱ ከወጣለት ይልቅ ቶሎ ይለወጣል። የሕፃናት ወተት ግን ለብቻው የሚታይ ነው። ሕፃኑ ሌላ ምግብ ስለሌለው በወተቱ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ሊጎድል አይገባም። በአሜሪካ አገር የፌዴራሉ ሕግ ቀን እንዲታተም የሚያስገድደው በሕፃናት ወተት ላይ ብቻ መሆኑ ይህን ያስረዳል። ስለዚህ ቀኑ ያለፈ የሕፃናት ወተት ከቶ መሰጠት የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የታተመው ቀን ላልተከፈተ ዕቃ ብቻ ነው። ጣሳው ከተከፈተ በኋላ ቀኑ ዋጋ የለውም፤ የተረፈው ምግብ በንጹሕ የክዳን ዕቃ ተገልብጦ በማቀዝቀዣ ሊቀመጥና በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ሊበላ ይገባል።

ቀኑ ሳያልፍም የሚያስፈሩ ነገሮች

የመጀመሪያው ያበጠ፣ የሚያፈስ፣ በጣም የዛገ ወይም መጋጠሚያው ላይ የተጨራመተ ጣሳ ነው። አየር በሌለበትና ኮምጣጣ ባልሆነ ምግብ ውስጥ የሚያድገው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ የሚያወጣው መርዝ ነርቭን ያሰናክላል፤ ሰውንም ይገድላል። ጣሳው ቢያብጥ ቀኑ ገና ሁለት ዓመት ቢቀረውም እንኳ ቀምሶ መፈተን አይገባም፤ ሳይከፈት መጣል አለበት። የዚህን ባክቴሪያ ዘር ለመግደል ፋብሪካዎች ምግቡን በግፊት እስከ 121 ዲግሪ ያሞቁታል። በአዲስ አበባ ግን ከከፍታው የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህም የተነሣ ሥጋን ወይም ባቄላን በተራ ድስት ቀቅሎ በጠርሙስ ዘግቶ ማኖር አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ሻጋታ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር በመኖአቸው ውስጥ በነበረው የለውዝ ፋጉሎ ላይ ሻጋታ ያወጣው መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ ስሙም አፍላቶክሲን ተባለ። በ2004 እ.ኤ.አ. በጎረቤታችን በኬንያ በሻገተ በቆሎ ምክንያት 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። ይህ መርዝ በተለመደው ማብሰል አይጠፋም። የሻገተውን ቦታ ብቻ ጠርጎ ቀሪውን መፍጨትም አያድንም። ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ በደንብ ሳይደርቁ ከተከማቹ ለዚህ ሻጋታ ይመቻሉ። በቤት በተዘጋጀው ባልትና ላይ ቀን የሚያትም ስለሌለ ጠባቂው ማድረቅና ከእርጥበት መከልከል ብቻ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሌላ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ከውጭ የሚመጡ ዕቃዎች የሚታተምባቸው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በአገር ውስጥ በሚመረቱት ላይ ግን አንዳንዴ የእኛ፣ አንዳንዴም የአውሮፓው ይታተማል። በአንድ ፓኬት ላይ «08/2018» የሚል አየን እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ሚያዝያ 2018 ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ግን ኦገስት 2018 ስለሆነ በእኛ 2010 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ላይ ይውላል። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ልዩነት አለ! ስለዚህ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት መኖሩን፣ ከሌለም የተመረተበትን ቀንና የተሠራበትን አገር መመልከት ይገባል። እንደዚሁም «05/08» የሚለውን አንዳንድ አገሮች ቀኑን አስቀድመው፣ አሜሪካኖች ግን ወሩን አስቀድመው ይጽፉታል። ወርና ዓመት ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ቀኑ የሚያበቃው በወሩ መጨረሻ ነው።

የሚባክነውና መደረግ የሚገባው

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንዳስታወቀው በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ በቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በሱቆች ባክኗል፤ ከዚህም 60 ከመቶ የሚሆነው የባከነው በየቤቱ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በየዓመቱ ይባክን ከነበረው 88 ሚሊዮን ቶን ምግብ እስከ 10 ከመቶ የሚሆነው ከቀን ማተም ጋር የተያያዘ መሆኑን ገልጿል። እንዲህ ያለውን ብክነት ምግብ የተረፋቸው አገሮች እንኳ ሊቀንሱት የሚታገሉ ከሆነ፣ ለአንድ ፓኬት ፓስታ ብዙ ለምናስብ ለእኛማ ምንኛ የበለጠ ሊያሳስበን ይገባል!

ይሁን እንጂ ይህ ለነጋዴ ፈቃድ አይሆነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብን ከልክሏል። ገዢው ዕቃው ከዚህ በፊት የት ተቀምጦ እንደነበረ ማወቅ አይችልምና ሕጉ ትክክል ነው። ስለዚህ ከሱቅ ስንገዛ ቀኑ ያለፈበትን ወይም ቀኑ የተፋቀበትን አንቀበል። እኔ የምናገረው በቤታችን በአግባቡ ስላኖርነው ዕቃ ነው።

በመጨረሻም ለውድ አንባብያን የሚከተሉትን ምክሮች አቀርባለሁ።

1ኛ. ቀኑን ከማየት በፊት የምግቡን ባሕርይ ለዩ፤ ደረቅ ነው? በጣሳ የታሸገ ነው? ወይስ ቶሎ የሚበላሽ ነው?

2ኛ. የዘመን አቆጣጠሩን አረጋግጡ።

3ኛ. ማሸጊያውን መርምሩ፤ ያበጠውን፣ ያፈሰሰውንና የሻገተውን ያለ ርኅራኄ ጣሉ።

4ኛ. አስቀድሞ የተገዛው አስቀድሞ ይበላ፤ አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት አስቀምጡ። እኔና እናቴ በቤታችን የተከፈተበትን ቀን በእስክሪብቶ በየዕቃው ላይ እንጽፋለን።

5ኛ. የሕፃናት ወተትና በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ምግብ ቀኑ ካለፈ አትጠቀሙ።

6ኛ. ይህ ሁሉ ስለ ምግብ እንጂ ስለ መድኃኒት አለመሆኑን አትርሱ፤ ቀኑ ያለፈ መድኃኒት በራስ ፈቃድ አይወሰድም።

የመጽሔታችን አንባብያን ይህን ካነበቡ በኋላ የየጓዳቸውን መደርደሪያ አንድ ጊዜ ቢመለከቱ፣ ሊጣል የማይገባው ባይጣል፣ ሊበላ የማይገባውም ባይበላ ድካሜ ፍሬ አገኘ እላለሁ።